ከአዲሱ ገበያ ሳንርቅ የበራችው መብራት

በእኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ እንጂ ሲበራ የደነገጠ ሰው አይቼ አላውቅም። እናንተም ጋ ያው ይመስለኛል። ሲጠፋ በየቤቱ «ኤጭ!» ይባላል፤ ሻማው የት እንደገባ ይጠየቃል፤ ስልኩን ቻርጅ ሳያደርግ የዋለ ሰው ራሱን ይረግማል። ሲመጣ ግን ከሰፈሩ ዳር እስከ ዳር «መጣ!» የሚል ጩኸት ይነሳል። ልጅ ይጮኻል፣ አዋቂ ይጮኻል፣ ከጎረቤቱ ጋር ተኳርፎ የከረመው ሰውዬ ሳይቀር ራሱን ረስቶ በአጥሩ ላይ «መጣ!» ይለዋል። እኔ ራሴ ሽሮ ሜዳ ሱቄ ውስጥ ከአንዲት ክርክር ከማይሰለቻት ደንበኛ ጋር በአንድ ጋቢ ስንጓተት ቆይተን፣ መብራት ሲመጣ ሁለታችንም እኩል ጮኸን፣ በዚያው ሳቅ ተስማምተን ተለያይተናል።

እንዲህ ሆኖ ላደገ ሰው መኪና ውስጥ ያለችውን ቢጫ መብራት ማስረዳት ከባድ ነው። ከመሪው ጀርባ ትቀመጣለች፤ ቅርጿ ክዳኑ የተንጋደደ ድስት ይመስላል፤ ሞተር ማለት እንደሆነች የነገረኝ ባሌ ነው። እሷ ከጠፋች ሰላም ነው፤ ከበራች ጉድ ፈልቷል። መጥፎ ዜናን በመብራት መናገር! ይህን ያሰበው ሰው አገሩ መብራት ጠፍቶ አያውቅም መሰለኝ።

የእኛ ሹፌሮች ግን መድኃኒቷን ካገኙላት ቆይተዋል። ጥቁር ፕላስተር ነው። ቆረጥ አድርጎ ዓይኗ ላይ መለጠፍ፣ ከዚያ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ መንዳት። ሹፌሮቹን ብቻ እንዳትታዘቡብኝ ደግሞ። «ደም ግፊትህ ጨምሯል» ያለውን ሐኪም ትቶ ሌላ ሐኪም የሚያፈላልግ ዘመድ የላችሁም? ሚስቱ ስታኮርፍ የቴሌቪዥኑን ድምፅ የሚጨምር ባልስ? ስም አልጠራም፤ ሰውዬው ይህን ማንበቡ አይቀርም። እኔም ብሆን በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ባልዲ ደቅኜ ክረምቱን የምገፋ ሴት ነኝ። ፕላስተር በሁላችንም ኪስ ውስጥ አለች።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ፤ ሳስበው ደስታው እንደ አዲስ እየመጣብኝ ስለሆነ ቶሎ ብናገረው ይሻላል።

ባሌ ተሾመ ዕድሜውን ሙሉ ከአዲሱ ገበያ ፒያሳ ሰው ሲያመላልስ የኖረ የታክሲ ሹፌር ነው። አሮጌዋ ሚኒባሱ ለታክሲነት ስትደክም ሰው ሁሉ «ሽጣት» አለው። እሱ ግን ግቢያችን ውስጥ አቆማት፣ ወንበሮቿን ፈትቶ አወጣቸው፣ ከዚያ ቤት ሊያደርጋት ተነሳ። ቤት ስላችሁ የምር ቤት። አልጋ ያለው፣ አንድ ምጣድ የምትችል የጋዝ ምድጃ ያለው፣ ውሃ ከጣሪያው በቧንቧ የሚወርድበት ቤት። ከወንበሮቹ ብረት አልጋ በየደው፤ ለአልጋው ቀበቶ ሠራለት። መጋረጃውን እኔ ከሽሮ ሜዳ ጥበቡ የሚያምረውን መርጬ ሰፋሁለት። ጎረቤቶቻችን በየማታው እየመጡ ይጎበኙን ነበር። አንዱ ዙሪያዋን ዞሮ ዞሮ «ቤት ከሆነ ካርታ አለው?» ብሎ ጠየቀን፤ ስቀን ስናበቃ እሱ የምሩን ኖሯል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ። ለአማቴ ነው። እማማ በላይነሽ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ በከዘራ ወዲያ ወዲህ ይላሉ እንጂ ብዙ መቀመጥ አይችሉም፤ መኪና ላይ ጥቂት እንደተቀመጡ ሕመሙ ፊታቸውን ያጠቁረዋል። ታናሽ እህታቸው እትዬ አስካለ ደግሞ ያሉት ፍቼ ነው፤ ላሞቻቸውን ለማንም አምነው ስለማይሰጡ ከዚያ ንቅንቅ አይሉም። ሁለቱ እህትማማቾች ለዓመታት የተገናኙት በስልክ ነው። ጠዋት ይደዋወላሉ፣ ማታ ይደዋወላሉ፣ ላሟ ስትወልድ ይደዋወላሉ። አንድ ቀን እማማ ስልኩን ዘግተው ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩና «ድምጿንስ ጠገብኩት፤ የራበኝ ፊቷ ነው» አሉ። ለማንም አይደለም ያሉት። ተሾመ ግን ሰማ። በማግስቱ የሚኒባሷን ወንበር መፍታት ጀመረ።

የጉዟችን ጠዋት ግቢው ሠርግ ያለበት መሰለ። ቀጠሯችን ለአንድ ሌሊት ብቻ ነበር፤ የጫንነው ዕቃ ግን ለአንድ ወር ይበቃል። እማማ አዲሱን የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከእንጦጦ ማርያም የመጣውን ጸበል በትንሽ ጀሪካን አስይዘው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል። ተሾመ የጋቢናውን ወንበር ወደ ኋላ ገልብጦ (የእኛ መኪና ሞተሯ ከወንበሩ ሥር ነው) ዘይቱን አየ፣ ውሃውን አየ፣ እጁን ሊታጠብ ገባ። እኔ ድስትና ብርድ ልብስ ሳመላልስ እማማ ብቻቸውን ሲቀሩ አየሁ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጸሎት ላይ ናቸው ብዬ አላናገርኳቸውም።

ከዚያማ ወጣን! ጎረቤት እያጨበጨበ ሸኘን። እማማ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው፣ ቀበቶአቸውን ታስረው፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ዓለምን ያያሉ። «ውይ፣ ይቺ ሱቅ አለች? ውይ፣ መንገዱን እንዴት አስፍተውታል! ተሾመ፣ ሰው እኮ ተኝቶም ይሄዳል!» ልጅ ሆነው ቁጭ አሉ። እኔም እየሳቅሁ ዓይኔን እጠርጋለሁ። ገና አዲሱ ገበያን እንዳለፍን ስልካቸው ጮኸ።

«የት ደረሳችሁ?» አሉ እትዬ አስካለ፤ ድምፃቸው ሁላችንም ጋ ይሰማል።

«አዲሱ ገበያ።»

«እስካሁን?»

«አሁን ነውኮ የተነሳነው አንቺ! ውሃሽን ጥጂ፣ መጥተናል በይ!»

ወደ ሱሉልታ የሚወስደውን ዳገት ስንያያዘው መኪናዋ ብርድ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠች። አንዴ፣ ደግሞ ሌላ ጊዜ። ከዚያ ያቺ ክዳኗ የተንጋደደ ድስት ቦግ አለች። ተሾመ ክው አለ። ዳር ይዞ አቆመ። የቆመው ደግሞ አዲስ በተሠራው ሰፊ መንገድ ላይ፣ መቆም ክልክል ነው የሚል ምልክት ሥር ነበር።

የእኛን አገር ታውቃላችሁ። ስትታመም ብቻህን ልትሆን ትችላለህ፤ መኪናህ ስትበላሽ ግን በጭራሽ። ወዲያው አማካሪ ከበበን። አንዱ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ቤንዚኑ ቆሻሻ እንደሆነ ማለለት። ሌላው ችግሩ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ነው አለ። ሦስተኛው አልጋውን፣ ምድጃውንና መጋረጃውን ሲያደንቅ ቆይቶ «ስንት ያከራያል?» አለን። አንድ የጭነት ሹፌር ደግሞ ከኪሱ ጥቁር ፕላስተር አወጣ። ሙሉ ጥቅልል! ቆረጥ አድርጎ ለተሾመ ሰጠውና «ወንድሜ፣ ለጥፍባትና ንዳ። ስታያት ነው የምትረብሽህ» አለው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ከፕላስተሩ ጋር ነበርኩ። «ለጥፍባት ተሹ!» አልኩት። «ፍቼ እስክንደርስ ብቻ!»

ተሾመ ፕላስተሯን በጣቱ እንደያዘ መብራቷን አፍጥጦ አያት። «እናቴን ይዤ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ብቆምስ? ማን ይደርስልኛል? በቃ፣ እንመለስ» አለ።

ዞር ብዬ ሳይ እማማ መጋረጃውን መልሰውታል። «ተሾመ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አንተ ያልከው ይሁን። ግን ዛሬ ከተመለስኩ ሁለተኛ አልጠይቅህም። ሰው እያስቸገሩ መሻት ለእኔ ዕድሜ ደግ አይደለም።» ቢቆጡ ይሻል ነበር። ስልካቸው እንደገና መጮህ ጀመረ፤ እትዬ አስካለ ናቸው። እማማ ስልኩን አዩት እንጂ አላነሱትም። እኚህ ሴት የእህታቸውን ስልክ ሳያነሱ የቀሩበትን ቀን አላስታውስም።

በዚህ መሃል ትራፊክ ፖሊሱ መጣ። ኮስተር ብሎ መንጃ ፈቃድ ሊጠይቅ ጀምሮ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገባ። ነጭ ለብሰው፣ በቀበቶ ታስረው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ የተጋደሙ እናት አየ። «በሽተኛ ይዘህ ነው እንዴ የቆምከው?» ብሎ ጮኸበት። ተሾመ «አይ፣ እኛ እንኳ...» ሲል እማማ ከአልጋው ላይ «እህህህ» አሉ። አልዋሹም፤ ዳሌያቸው የምሩን ያማቸዋል። ፖሊሱ ፊሽካውን ነፍቶ ያንን ሁሉ መኪና አቆመልን። እንደ ሚኒስትር መንገድ ተከፍቶልን ዞርንና ማዶ ካለው ጎሚስታ ግቢ ገባን። ሆስፒታል እንዳልሄድን ሲያይ ፖሊሱ ምን እንዳሰበ ዛሬም አላውቅም፤ ካነበበው ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

የጎሚስታው ባለቤት ነስሩ የተሾመ የታክሲ ዘመን ወዳጅ ነው። ጎማ ነው የሚያውቀው፤ ሞተር አያውቅም፤ ይህንንም ገና ሳንወርድ ነገረን። ቢሆንም ተሾመ ወንበሩን ገለበጠና ሁለቱም አጎነበሱ። ካንዴላዎቹ ያሉበት ጉድጓድ ውሃ ሞልቶታል።

ተሾመ ቀና ሲል ፊቱ ላይ ደም አልነበረም። «ውሃ! ነስሩ፣ ውሃ እኮ ነው! ሞተሩ ተሰንጥቋል ማለት ነው። አለቀልኝ!» ብሎ ከአሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ብየዳ፣ ያ ሁሉ ማታ፣ የእናቱ ፊት፣ ሁሉም በዓይኑ ላይ ሲያልፍ አየሁት። ነስሩም የአየር መንፊያውን ቱቦ በእጁ ይጠመዝዛል።

«ተሾመ» አሉ እማማ ከውስጥ።

«አቤት እማዬ።»

«ያ ውሃ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ጸበል ነው።»

ሦስታችንም እኩል ወደ አልጋው ዞርን። እማማ ምንም አላፈሩም። «ጠዋት ሞተሩን ከፍተህ ስትገባ አገኘሁት። አንተን ረጭቻለሁ፤ ሚስትህን ረጭቻለሁ፤ አልጋውን፣ ጎማውን፣ ምድጃውን ሳይቀር ረጭቻለሁ። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው እሱ፤ እሱን ዘልዬ ልሂድ? ለእሱማ አብዝቼ ነው ያፈሰስኩለት።»

እስቲ ፍረዱ፤ ከዚህ ንግግር ውስጥ ስሕተቱ የቱ ላይ ነው? እኔ እስካሁን አላገኘሁትም። ለመኪና ጸበል ማስረጨት የሁላችንም ልማድ ነው፤ እኛ ግን መስታወቱንና ጎማውን አስረጭተን እንመለሳለን። እንደ እማማ ነገሩን ከሥሩ ያሰበበት ሰው አልነበረም። ተሾመ መጀመሪያ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ጠጋ ስል ሳቅ ነው። ሳቁ ለእኔ ተላለፈ፣ ከእኔ ለነስሩ ተላለፈ፤ ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ደንበኛ ምን እንደተባለ ሳያውቅ አብሮን ይስቃል።

ነስሩ የአየሩን ቱቦ አምጥቶ ጉድጓዱ ላይ ሲያነጣጥር ግን እጁ ቆም አለ። «እማማ፣ እኔ ብነፋው ምንም አይደል? ማለቴ... የተባረከ ነገር ነው።»

«ንፋው ልጄ። እሱ ሥራውን ጨርሷል።»

«ቢስሚላህ» አለና ነፋው። ጸበሉ እንደ ካፊያ ተነስቶ ተሾመን፣ እኔን፣ ነስሩን፣ ያንን ደንበኛ ሳይቀር ረጨን። እማማ ይህን ሲያዩ በጣም ደስ አላቸው። ተሾመ ካንዴላዎቹን በጨርቅ ጠርጎ፣ የባትሪውን ሽቦ ነቅሎ መልሶ ሰካና ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ተነሳች፤ መንቀጥቀጥ የለም። ሁላችንም አንገታችንን በየመስኮቱ አስገብተን ያቺን ድስት እናያለን። ቢጫዋ ድንገት ድርግም አለች።

«ጠፋ!» ብዬ ጮኽኩ። «ጠፋ!» አለ ነስሩ። ጎሚስታው በሙሉ «ጠፋ!» አለ። መብራት ጠፋ ብዬ ስጨፍር የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው የእማማ ስልክ ጮኸ፤ ከመጮሁ አነሱት።

«የት ደረሳችሁ?»

«አዲሱ ገበያ።»

«አሁንም?!»

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በረርን ብላችሁ አትታዘቡኝ። ሱሉልታን አለፍን፣ ጫንጮን አለፍን፣ እማማ ያዩትን ሁሉ በስልክ ለእህታቸው እየነገሩ ሄዱ። ፍቼ ስንደርስ እትዬ አስካለ ወደ አስፋልቱ ወጥተው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ይጠብቁናል። ተሾመ እናቱን ለማውረድ በሩን ሲከፍት እትዬ አስካለ ግን አልጠበቁም፤ ራሳቸው ወደ ውስጥ ወጡና አልጋው ላይ ከእህታቸው ጎን ተጋደሙ። አንዳቸው የሌላቸውን ፊት በእጃቸው ይዘው ዝም ብለው ይተያያሉ። ያን ያህል በስልክ ሲያወሩ የኖሩ ሰዎች አንዲት ቃል አልወጣቸውም። እኔና ተሾመ በሩን ገርበብ አድርገን ወጣንና ውጭ ቆመን አለቀስን፤ እያንዳንዳችን አቧራ እንደገባብን እየተናገርን።

ያን ቀን እንዴት እንደመሸ አላውቅም። እንደተባለው በማግስቱ መመለስ አለብን፤ ተሾመ ቀጠሮ አለበት፣ እኔን ሱቄ ይጠብቀኛል። ማታ ይህንኑ ስንናገር ሁለቱም እህትማማቾች «ያው መቼም፣ ሥራ ነው» ብለው በጨዋነት ተቀበሉን። በጨዋነታቸው መጠርጠር ነበረብኝ።

ጠዋት ጎህ ሲቀድ ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ። የመኪናዋ በር ክፍት ነው። የጋቢናው ወንበር ተነስቷል። እትዬ አስካለ በሁለት እጃቸው ወንበሩን ደግፈው ይዘዋል፤ እማማ በላይነሽ በአንድ እጃቸው ከዘራቸውን፣ በሌላው የጣሳ ኩባያ ይዘው አጎንብሰዋል። ሲያዩኝ ሁለቱም ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ከዚያ እማማ ቀስ ብለው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ፊቴን ሳልታጠብ ተመልሼ ገባሁ።

ቁርስ በልተን፣ ተሰናብተን፣ ተሾመ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። ድስቷ ቦግ አለች። ልቤ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ሰፈሬ ልጆች «መጣ!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁት፤ አፌን በነጠላዬ ባልይዝ ኖሮ መውጣቱ ነበር።

ተሾመ ጭንቅላቱን ይዞ ሲያስብ ቆየና መሳቢያውን ይበረብር ጀመር። «አልማዝ፣ ያቺ ፕላስተር የታለች? ያ ሹፌር የሰጠኝ።»

«የምን ፕላስተር?» አልኩት። ፕላስተሯ በነጠላዬ ጫፍ ተቋጥራለች። «ደግሞስ እናትህን ይዘህ፣ መብራት በርቶ ልትነዳ ነው? ሱሉልታ ሜዳ ላይ ብትቆምስ? ውጣ፣ ውጣ፣ ዛሬ ፀሐይ ይምታት። ነገ ይታያል።»

አየኝ። እናቱን አየ። አክስቱን አየ። ሁለቱም ሴቶች ላሞቹን ያያሉ። ቁልፉን ነቀለና ወርዶ ጃኬቱን አወለቀ።

እኔን ግን አንድ ነገር ሆዴን ይበላኝ ነበር። ማንም እንዳይሰማ ወደ እማማ ጠጋ አልኩና «እማማ፣ አሁንም በዚያ ጸበል ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ደንግጠው አማተቡ። «በስመ አብ! ምን ነካሽ ልጄ? ጸበል ለእንዲህ ያለ ነገር ይነካል?» አሉኝና፣ ኩባያውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው አሳዩኝ። «የቧንቧ ውሃ ነው።»